ፊልጶስ ሄደ፣ መጽሐፉ ቀረ

(በባሕር ዳር በአንድ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። «ሐሰተኛ ነቢይን በምን እንለየው?» የሚለውን ርእስ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። ርእሱን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ አክስቴ ናት። ፈቃዷን ጠይቄያለሁና ታሪኳን ልንገራችሁ።

አክስቴ እዚሁ ባሕር ዳር ነው የምትኖረው። ስኳር አለባት፤ ክኒኗን ለዓመታት ጠዋትና ማታ ሳታዛንፍ ትውጥ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቢጫ የለበሰ፣ ጠጉሩን ያጎፈረ፣ አንገቱ ላይ ሰንሰለት ያጠለቀ ሰው የእንጨት መስቀል ይዞ በሯን አንኳኳ። «ከገዳም ተልኬ ነው» አላት። አስገባችው፤ እግሩን አጠበችው፤ ቡና አፈላችለት። ትንሽ ቆየና ዓይኑን ጨፍኖ «የሞተብሽ ልጅ አለ» አለ። ቀጠለና የልጁን ስም ጠራው። አክስቴ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ያላት ሁሉ እውነት ሆነባት።

«መጽሐፍ ‹በእርሱ ቁስል እኛ ተፈወስን› ይላል፤ ታምኛለሽ አታምኚም?» አላት። «አምናለሁ» አለች። «ካመንሽ ታዲያ ይሄ ምን ይሠራል?» ብሎ ወደ ክኒኑ ጠቆመ። ተነሥታ በገዛ እጇ ሽንት ቤት ጨመረችው። የጆሮ ወርቋን ደግሞ ለገዳሙ መባ ብላ አወለቀችለት። በስድስተኛው ቀን ራሷን ስታ ወድቃ ጎረቤት አገኛት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐኪም ቤት ደርሳ ተረፈች።

ልጠይቃት ስሄድ እሱ ተቀምጦበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ የሟቹ የአክስቴ ልጅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ስሙ፣ የተወለደበትና ያረፈበት ቀን በትልቁ ተጽፏል። ያ ሰው ያነበበው ከግድግዳ ነበር። እሷ ከሰማይ የመጣ መሰላት።

ይህን ስነግራችሁ አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያው ሰውዬው አጭበርባሪ ነው፤ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ግን የተሰወረ ማወቁ ምልክት ይሆን ነበር» ብላችሁ እንደምታስቡ አውቃለሁ። ዛሬ ስልክ ቁጥር የሚጠራ፣ የእናት ስም የሚናገር፣ የባንክ ደብተር ውስጥ ያለውን ብር የሚገምት ሰው በየመድረኩና በየስልካችን ላይ ሞልቷል። ሕዝቡም የሚጠይቀው «አወቀ ወይስ አላወቀም?» ብሎ ብቻ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እዚህ ላይ አያቆምም። ዘዳግም ምዕራፍ 13ን ተመልከቱ። በመካከልህ ነቢይ ወይም ሕልም አላሚ ቢነሣ፣ ምልክት ቢሰጥህ፣ «እንደ ነገረህም ምልክቱ ቢፈጸም» ይላል። ልብ በሉ፣ ምልክቱ ተፈጽሟል! የተናገረው ደርሷል! ነገር ግን ሰውዬው ከአምላክህ የሚያርቅህ ከሆነ አትስማው ይላል። ምዕራፍ 18 ላይ ሲደርስ ደግሞ የተናገረው ያልደረሰለት ነቢይ በድፍረት ተናግሯልና አትፍራው ይላል። ስለዚህ ያልደረሰለት ሐሰተኛ ነው፤ የደረሰለትም ገና ሌላ ፈተና አለበት፤ ወዴት እየመራህ ነው? ጌታም በማቴዎስ 24 ሐሰተኞች ነቢያት «ታላላቅ ምልክትና ድንቅ ያሳያሉ» ብሎ አስቀድሞ ነግሮናል። ድንቅ ማሳየታቸውን አልካደም።

«ከፍሬያቸው ታውቋቸዋላችሁ» የሚለውንም በዚህ ዓይን እዩት። ከአበባቸው አላለም። እኛ የጣና ዳር ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቃችንን የያዘው እምቦጭ አበባው ሐምራዊ ነው፤ ሲያዩት ዓይን ይማርካል። ከሥሩ ያለውን የሚያውቀው ግን መረቡ የተያዘበት ዓሣ አጥማጅና በደምቢያና በፎገራ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል የዋለው ገበሬ ነው። ፍሬ ጊዜ ይፈልጋል። አክስቴ ስድስት ቀን ፈጀባት።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ያ ሰው መጽሐፍ ጠቅሷል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ከወርቁ ይልቅ ይህ ነው። የጠቀሰው ቃል እውነት ነው፤ ኢሳይያስ 53 ላይ አለ። ሐሰተኛ ነቢይ ብዙ ጊዜ አዲስ መጽሐፍ ይዞ አይመጣም፤ የእኛኑ መጽሐፍ ቆርጦ ነው የሚመጣው።

ይህን አቆራረጥ የጀመረው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በማቴዎስ 4 ዲያብሎስ ጌታን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ሲለው ከዳዊት ጠቀሰ። የጠቀሰው ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ የምትደግሙትን መዝሙር 90ን፣ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል»ን ነው። መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዛል፣ እግርህ በድንጋይ እንዳይሰናከል በእጃቸው ያነሡሃል አለው። ዳዊታችሁን ከፍታችሁ አስተያዩት። መዝሙሩ «በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ» ይላል። ዲያብሎስ «በመንገድህ ሁሉ» የምትለዋን ዘለላት። ከሰገነት መወርወር የጻድቅ መንገድ አይደለምና ቃሏ ብትነበብ ወጥመዱ ይፈርስ ነበር። ደግሞ የት ላይ እንዳቆመ ተመልከቱ። የሚቀጥለው ቁጥር «በተኵላና በእባብ ላይ ትጫማለህ፤ አንበሳውንና ዘንዶውን ትረግጣለህ» ነው የሚለው። ስለ ራሱ መረገጥ የሚናገረው ቁጥር ላይ ሲደርስ ዝም አለ!

ሌላ ላሳያችሁ። ይህችን ጥቅስ ባጃጅ መስታወት ላይ ታዩዋታላችሁ፤ የምርቃት ካርድ ላይም አለች። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።» ኤርምያስ 29፥11። ቆንጆ ቃል ናት፤ እኔም እወዳታለሁ። ነገር ግን ማን ለማን፣ መቼ ጻፋት?

አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለሱ። ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ከገባዖን የመጣ ነቢይ በመቅደስ፣ በካህናትና በሕዝብ ሁሉ ፊት ቆሟል። የባቢሎን ቀንበር ተሰብሯል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የተማረከው ሁሉ ይመለሳል ይላል። ያኔ ኤርምያስ አንገቱ ላይ የእንጨት ቀንበር ተሸክሞ ነበር። ሐናንያ ቀንበሩን ከአንገቱ ወስዶ ሰበረው። ያን ቀን እዚያ ብንኖር ማንን እናጨበጭብለት ነበር? «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ብሎ የጀመረው ሐናንያም ነው። የኤርምያስ መልስ ሁሌ ይገርመኛል፤ መጀመሪያ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ነው ያለው። ለሕዝቡ ክፉ አይመኝም፤ የሐናንያ ትንቢት እውነት ቢሆን እሱም ደስ ይለው ነበር። ሆኖም እውነት አልነበረም። ሐናንያ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

ምዕራፍ 29 ከዚህ በኋላ የመጣ ደብዳቤ ነው፤ ለምርኮኞች የተጻፈ። ምን ይላል? ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ። አታክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ። ተጋቡ፣ ውለዱ። በቁጥር 8 ላይ «በመካከላችሁ ያሉት ነቢያቶቻችሁና ምዋርተኞቻችሁ አያታልሉአችሁ» ይላል። በቁጥር 10 ላይ ሰባ ዓመት ይላል። ያቺ የምንወዳት ቁጥር 11 ከዚህ በኋላ ነው የምትመጣው። «በሁለት ዓመት እፎይ ትላላችሁ» የሚለውን ሐሰተኛ ነቢይ አትስሙ ከሚለው ማስጠንቀቂያ ሦስት ቁጥር ብቻ ዝቅ ብላ። ዛሬ ግን ይህችኑ ቁጥር ይዘው «በዚህ ወር ቪዛህ ይመጣል፣ በሦስት ቀን ውስጥ ቤትሽ ይሞላል» የሚሉ አሉ። የኤርምያስን ቃል በሐናንያ አፍ ያነቡታል።

ታዲያ ምን እናድርግ ካላችሁኝ፣ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከፍ ብላችሁም ዝቅ ብላችሁም አንብቡ። ጥቅስ ሲነገራችሁ ምዕራፉን ጠይቁ፤ ቤታችሁ ገብታችሁ ከምዕራፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እውነተኛ መምህር በዚህ አይከፋም። በቤርያ የነበሩ ሰዎች የቅዱስ ጳውሎስን ስብከት ሳይቀር ነገሩ እንደዚሁ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ ሉቃስም ልበ ሰፊዎች ብሎ አመሰገናቸው።

ይህ ከሌላ አገር የመጣብን ልማድ አይደለም። እዚህ ካላችሁት አባቶች መካከል በየኔታ እግር ሥር ፊደል የቆጠራችሁ አላችሁ። ሀሁውን ጨርሳችሁ፣ አቡጊዳውን አልፋችሁ፣ ንባብ የጀመራችሁት በምን ነበር? በፊደለ ሐዋርያ፣ በመልእክተ ዮሐንስ ነው። «ዘሰማዕነ ወዘርኢነ በአዕይንቲነ» እያላችሁ በግዕዝ፣ በውርድ፣ በቁም ንባብ። ያቺው መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ «መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ ነገር ግን መናፍስት ከእግዚአብሔር ሆነው እንደ ሆነ መርምሩ፤ ብዙዎች ሐሰተኞች ነቢያት ወደ ዓለም ወጥተዋልና» ትላለች። አባቶቻችን ለሕፃን ልጅ ማንበብን ያስተማሩት «ሁሉን አትመን፣ መርምር» በሚል ደብዳቤ ነው። ይህን ሳስብ ለአባቶቼ ያለኝ ፍቅር ይጨምራል።

ከዚህ ከዳርቻው ሆነን አሻግረን በምናየው በክብራን ገብርኤል በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ ወንጌል አለ። ብራና ምን እንደሚፈልግ ያያችሁ ታውቃላችሁ። የፍየሉ ቆዳ ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፤ በመቃ ብዕር፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም፣ ቃል በቃል። ጸሐፊው ደክሞት አንዲት ቃል ቢዘል ምን ያደርጋል? ዕድሜ በጠገቡ ብራናዎቻችን ላይ ይታያል፤ ቃሏን አድቅቆ ከመስመሩ በላይ ያስገባታል። የገጹ ውበት ቢበላሽም ቃሏ አትቀርም። ዲያብሎስ «በመንገድህ ሁሉ»ን ዘለለ፤ የጣና መነኩሴ አንዲት ቃል ሊመልስ ገጹን አቆሸሸ። የማን ወገን እንደሆንን እዚህ ላይ ይለያል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልናገርም፤ ነገሩ ግልጽ ነው። ኤልሳዕ ንዕማንን ከለምጽ ፈውሶ ምንም አልቀበልም አለ፤ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ በኋላው ሮጦ የተቀበለው ሎሌው ግያዝ ነው፤ ለምጹም ወደ እሱ ዞረ። ዲዳኬ የሚባለው የጥንት ክርስቲያኖች ሥርዓት ደግሞ እየዞረ የሚያስተምር ሰው ሲመጣ ተቀበሉት፣ ብር ከጠየቀ ግን ሐሰተኛ ነቢይ ነው ይላል። ለተቸገረ ሌላ ሰው ስጡ ካለ አትፍረዱበት ብሎም ይጨምራል፤ ሚዛናዊ ነው።

ስለ ሕዝብ ብዛትም እንዲሁ። አክዓብ አራት መቶ ነቢያት ነበሩት፤ ሁሉም በአንድ አፍ «ውጣ፣ ታሸንፋለህ» አሉት። «እጠላዋለሁ» ያለው አንዱን ሚክያስን ነበር፤ አክዓብ ከዚያ ጦርነት በሕይወት አልተመለሰም። አዳራሽ ሞላ፣ ተከታይ በዛ ማለት ምንም አይደለም።

አንድ ነገር ግን በብርቱ ላሳስባችሁ። ይህን ትምህርት ይዛችሁ ወጥታችሁ በሌላው ቤት ላይ ድንጋይ እንዳትወረውሩ። እኛ ቤት ያለው ይቅደም። ክታብ አንጠልጥሎ ቅዳሴ የሚቆም አለ፤ መተት አስፈታለሁ ብሎ ቤት ንብረቱን የሸጠ አለ። ዘዳግም 18 ሐሰተኛውን ነቢይ ከመንቀፉ በፊት ሟርተኛውን፣ አስማተኛውን፣ ሙት ሳቢውን ይነቅፋል። መድኃኒት አስጥሎ ጠበል ብቻ የሚል አጥማቂም የመጣው ወደ እኛው ደጅ ነው። እኛ ከምንቀበላቸው 81 መጻሕፍት አንዱ የሆነው ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ በጠበልም ይፈውሳል፤ ይህን አምናለሁ። ክኒን የሚያስጥለውን ሰው ግን አልሰማም።

አሁን ወደ ኢሳይያስ 53 ልመለስ፤ የአክስቴ ነገር አልቋጨሁትም። ይህን ምዕራፍ ሲያነብ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የምናገኘው የእኛው አገር ሰው ነው። ሐዋርያት ሥራ 8፤ የህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ በጋዛ መንገድ ኢሳይያስን ያነባል። የሚያነበው ቦታ ይኸው የታረደው በግ ያለበት ነው፤ ያ ሰው ለአክስቴ ከጠቀሰው ቁጥር ሁለት ቁጥር ብቻ ዝቅ ይላል። ፊልጶስ ቀርቦ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» አለው። «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ቀጥሎም ጥያቄውን ጠየቀ፤ «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ?»

ይህች ጥያቄ ወርቅ ናት። አክስቴ ቤት የመጣው ሰው ምዕራፉን ስለ ክኒን የሚናገር አደረገው። ፊልጶስ ግን ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ሰበከለት። በዚያው ምዕራፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲሞን መሠርይ የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ብር ይዞ ቆሟል፤ ፊልጶስ ደግሞ በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ ከሠለጠነ ሰው ጋር በአንድ ሠረገላ ተቀምጦ ስለ ገንዘብ አንዲት ቃል አላነሣም።

ከዚያ ምን ሆነ? ጃንደረባው ተጠመቀ፣ ከውኃው ወጣ፤ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው፤ «ጃንደረባውም ሁለተኛ አላየውም፤ ደስ ብሎት መንገዱን ይሄድ ነበርና።» ስልክ ቁጥር አልተለዋወጡም። «ያለ እኔ ጸሎት አትድንም» አላለውም። ፊልጶስ ሄደ፣ መጽሐፉ ሠረገላው ውስጥ ቀረ፣ ሰውዬው ደስ ብሎት አገሩ ገባ። ያ ቢጫ ለባሽ ግን አክስቴን «በየወሩ እመጣለሁ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ብሏት ነው የሄደው። ስለዚህ አንድ መምህር ሲለያችሁ የት እንደተዋችሁ እዩ፤ በመጽሐፉ ላይ ነው ወይስ በእሱ ላይ?

ለተታለሉት ደግሞ እባካችሁ ራሩ። አክስቴ ብዙ ወር ከቤት አልወጣችም ነበር፤ ከሕመሟ ይልቅ «እንዴት እንዲህ ትሞኛለሽ» የሚለው የዘመድ ቃል ነው የሰበራት። ያታለላት ፍቅሯን ይዞ ነው፤ ለልጇ ያላትን፣ ለአምላኳ ያላትን።

ንግግሩ እዚህ ላይ አብቅቶ ጥያቄ ሲፈቀድ ከኋላ ረድፍ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ልጄ፣ ደግ ተናገርክ» አሉኝ፤ «እኔ ግን ፊደል አልቆጠርኩም። ከፍ ብላችሁ ዝቅ ብላችሁ አንብቡ ስትል እኔን የት ትጥለኛለህ?»

ደነገጥኩ፤ ስዘጋጅ ያላሰብኩበት ነበርና። «እናቴ፣ ቅዳሴ ያስቀድሳሉ?» አልኳቸው። «እሑድን አላስታጉልም።» «እንግዲያው እርስዎ ከብዙዎቻችን የበለጠ መጽሐፍ ሰምተዋል፤ በየቅዳሴው ጳውሎስ ይነበባል፣ ከሰባቱ መልእክታት ይነበባል፣ ግብረ ሐዋርያት ይነበባል፣ ምስባክ ተሰብኮ ወንጌል ይነበባል። ጃንደረባውም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ስለነበር ነው ፊልጶስ የሰማው። ቤት ውስጥ የሚማር ልጅ አለ?»

«የልጄ ልጅ አለች፣ ሰባተኛ ክፍል ናት።»

«ማታ ማታ አንድ ምዕራፍ ታንብብልዎ። ሰው መጥቶ ጥቅስ ሲነግርዎም ‹ቆይ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ትምጣ› ይበሉት።»

አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። «ዛሬ ማታ ከየት ትጀምርልኝ?» አሉኝ። ኤርምያስ 28 አልኳቸው፤ እስከ 29 መጨረሻ። ጎናቸው የነበረ ወጣት በእጃቸው መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ 28 እና 29 ብሎ ጻፈላቸው፤ እሳቸውም እንዳይጠፋባቸው እጃቸውን ጨብጠው ወጡ።